ስካር ምክንያት ይሆናልን? የጥንት አይሁድ መተርጉማን ዳኝነት





የኦሪት ዘፍጥረትን ዘጠነኛ ምዕራፍ ባነበብንበት ቀን አንዲት እኅታችን እጇን አውጥታ የጠየቀችውን ሳታስታውሱ አትቀሩም። ኖኅ ጻድቅና ፍጹም ተብሎ ከጥፋት ውኃ ከዳነ በኋላ ወይን ጠጥቶ ሰክሮ በድንኳኑ ውስጥ ዕራቁቱን መተኛቱ እንዴት ነው? አለች። ከኋላ የተቀመጠ አንድ ወንድም ደግሞ «የኖኅስ ይቅር፣ የሎጥስ?» ብሎ ጨመረበት። ሰዓቱ አልቆ ስለ ነበር መልስ ሳናገኝ ተነሥተን ወጣን። እኔ ግን ጥያቄው ከልቤ አልወጣም፤ ምክንያቱም በዚያው ሰሞን በሠፈራችን የሆነ ነገር ነበረ።

አንድ ጎረቤታችን ሠርግ ውሎ ሲመለስ ሚስቱን መታ። በማግሥቱ ሽማግሌዎች ተቀመጡ። እኔም አግዳሚ ወንበር እንዳቀርብ ተጠርቼ ስለ ነበር በሩ አጠገብ ቆሜ ሰማሁ። ባልየው አንድም ነገር እንደማያስታውስ ማለ። ሽማግሌዎቹም በልማዳችን የሚባለውን አሉ፤ እሱ አይደለም፣ መጠጡ ነው፤ በጤናው ቢሆን እንዲህ አያደርግም። በመጨረሻ ሴትዮዋ እንድትናገር ሲፈቀድላት ስለ ተመታችው ነገር አንድ ቃል አላነሣችም። «የትናንቱን ተዉት። ነገ ከሥራ ሲወጣ በየት በኩል ነው ወደ ቤቱ የሚመጣው? እሱን ይንገረኝ» አለች። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ፈገግ አለ። እኔም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ከነገሩ የወጣች መስሎኝ ነበር።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው። ሰው ሰክሮ ላደረገው ነገር ይጠየቃልን? የሚጠየቅ ከሆነስ የሚጠየቀው ምኑን ነው? ሳያውቅ ያደረገውን ነው ወይስ ሌላ ነገር? መልስ ስፈልግ እነዚህን ታሪኮች ከማንም አስቀድመው ፊደል በፊደል የመረመሩትን የጥንት አይሁድ መተርጉማን ተመለከትሁ። አንዳንዶቻችሁ «የአበው ትርጓሜ እያለን የእነርሱን ምን አደረገን?» ትሉ ይሆናል። ሃይማኖት ልንማርባቸው አይደለም፤ ዳኝነታቸውን ለማየት ነው። ደግሞም ከመካከላቸው እጅግ የቆየው ለእኛ እንግዳ አይደለም። ከሰማንያ አንዱ መጻሕፍታችን የሚቈጠረው መጽሐፈ ኩፋሌ ነው። ይህን መጽሐፍ የመረመሩ ምሁራን ከልደተ ክርስቶስ በፊት በ2ኛው መቶ ዓመት በዕብራይስጥ ተጻፈ ይላሉ። ከ1947 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሙት ባሕር አጠገብ በቁምራን ዋሻዎች የዕብራይስጡ ቁርጥራጮች ተገኝተዋል። ሙሉ ሆኖ የተረፈው ግን በእኛው በግእዝ ብቻ ነው። ይህን የማያውቅ ወጣት ቢኖር ዛሬ ይወቀው።

በኩፋሌ እንደ ተተረከው ኖኅ ወይኑን የተከለው መርከቢቱ ባረፈችበት ሉባር በሚባል፣ ከአራራት ተራሮች አንዱ በሆነው ተራራ ላይ ነው። ወይኑ በአራተኛው ዓመት አፈራ። ኖኅም ፍሬውን ጠብቆ በሰባተኛው ወር ለቀመ፤ ጨምቆም በዕቃ አኖረው፤ እስከ አምስተኛው ዓመት መጀመሪያ ወር መባቻ ድረስም አቆየው። ያን ቀን በዓል አደረገ፤ መሥዋዕት ሠዋ፤ ወይኑንም ከመሥዋዕቱ ጋር አቀረበ። ከዚያ በኋላ እርሱና ልጆቹ በደስታ ጠጡ። ሲመሽ ወደ ድንኳኑ ገብቶ ሰክሮ ተኛ። ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 19ን ያነበበ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። የአዲስ ተክል ፍሬ ሦስት ዓመት አይበላም፣ በአራተኛው ዓመት ለእግዚአብሔር የተቀደሰ ይሆናል፣ በአምስተኛው ይበላል። ኖኅ ሕጉ በሲና ሳይሰጥ ሕጉን ጠብቆ ተገኘ ማለት ነው። ኩፋሌ ኖኅ መስከሩን አይክድም። የሚያሳየን በስካሩ ዙሪያ ያለውን ሁሉ ነው፤ ትዕግሥቱን፣ በዓሉን፣ መሥዋዕቱን፣ አብረው የጠጡትን ልጆች። እንዲህ ሲነበብ ነቀፋው የአባቱን ዕርቃን ባየው በካም ላይ ብቻ ይቀራል።

ፊሎ እስክንድርያዊም ከኖኅ ጋር ይቆማል። ፊሎ ጌታችን በሥጋ በተመላለሰበት ዘመን በእስክንድርያ የኖረ፣ በግሪክኛ የጻፈ አይሁዳዊ ፈላስፋ ነው። ከዚህ ከኖኅ ወይን ብቻ ተነሥቶ ስለ ተክሉ አንድ መጽሐፍ፣ ስለ ስካር ሌላ፣ ከስካር ስለ መንቃት ደግሞ ሌላ ጽፏል። ጠቢብ ሰው ሊሰክር ይችላልን የሚለውን የግሪክ ፈላስፎች ክርክር ያነሣና መስከር የሚለው ቃል ሁለት ፍቺ አለው ይላል። አንደኛው ወይን መጠጣት ነው፣ ሁለተኛው በወይን አእምሮን ማጣት ነው። ጠቢብ በመጀመሪያው ቢገኝ በሁለተኛው አይገኝም። የኖኅ ዕርቃን የተገለጠው በአደባባይ ሳይሆን በገዛ ቤቱ ውስጥ መሆኑንም እንደ ማቃለያ ይቈጥርለታል። ከእኛም ወገን ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ በዘፍጥረት ድርሳኑ ኖኅ የወይንን ኃይል አስቀድሞ ባለማወቁ የሆነ ነው ብሎ ተከራክሮለታል።

በሙክራባቸው ተቀምጠው ሕግ ያስተምሩ የነበሩት ረቢዎች ግን ምሕረት አላደረጉለትም። ትምህርታቸው ታልሙድ በሚባለው ሰፊ መጽሐፍና «ራባ» በሚባሉት የኦሪት ትርጓሜዎች ተሰብስቦ ይገኛል። ኖኅ ወይን መትከል ጀመረ የሚለው የዕብራይስጥ ቃል ረከሰ ተብሎም ሊነበብ ይችላል፤ እነርሱም እንደዚያ አነበቡት። በአንድ ቀን ተከለ፣ በዚያው ቀን ጠጣ፣ በዚያው ቀን ተዋረደ ይላሉ። ከኩፋሌ አምስት ዓመት ጋር አስተያዩት! ደግሞም የማዕርጉን አወራረድ አስተዋሉ። ሙሴ መጀመሪያ ግብፃዊ ሰው ተብሎ ተጠራ፣ በኋላ የእግዚአብሔር ሰው ተባለ። ኖኅ ግን መጀመሪያ ጻድቅ ሰው ተባለ፣ በኋላ የመሬት ሰው ሆነ።

ከሁሉ የሚበልጥብኝ ግን አለማወቅን ለሚያነሡ ሰዎች የሰጡት መልስ ነው። ረቢ ሜኢር አዳም የበላበት ዛፍ ወይን ነበረ፣ በሰው ላይ ዋይታን እንደ ወይን የሚያመጣ የለምና ይላል። ከዚህ ተነሥተው እግዚአብሔር ኖኅን ከአዳም ልትማር አይገባህም ነበርን ብሎ እንደ ገሠጸው ይተርካሉ። የመጀመሪያው ጠጪ ነው፣ ከየት ያውቃል የሚለው ጥብቅና በዚህ ይወድቃል። ዛፉ ወይን ነበረ አልነበረም የሚለውን ለሊቃውንት እንተወው። የዳኝነቱን መንገድ ግን ልብ በሉ፤ ሰውዬውን አላወቅህም አላሉትም፣ ልታውቅ ትችል ነበር አሉት። (ሰይጣን ከወይኑ ሥር በግ፣ አንበሳ፣ አሳማና ጦጣ አረደ፣ ጠጪም የአራቱን ጠባይ በየተራ ይይዛል የሚለውም ተረት የእነርሱ ነው። ለሕፃናት ክፍል ደኅና ትምህርት ይሆናል፤ ለእኛ ጥያቄ ግን ብዙ አይረዳም።)

የአሮን ልጆች የናዳብና የአብዩድ ነገር አጭር ነው። ያልታዘዘ እሳት ይዘው ገብተው በእግዚአብሔር ፊት ሞቱ። ረቢ እስማኤል ሰክረው ስለ ገቡ ነው አለ። ማስረጃው ከሞታቸው በኋላ ወዲያው ለአሮን ወይን ጠጥተህ ወደ መቅደስ አትግባ የሚል ትእዛዝ መምጣቱ ነው። ምሳሌም ይሰጡበታል። አንድ ንጉሥ የታመነ አገልጋዩን በመጠጥ ቤት ደጃፍ አግኝቶ ያለ አንዳች ቃል አስገደለው፤ በእርሱም ቦታ ሌላ ሾመ። የፊተኛው ለምን እንደ ሞተ ያወቅነው ንጉሡ ለኋለኛው ወደ መጠጥ ቤት እንዳትገባ ብሎ ባዘዘው ጊዜ ነው። ፊሎ ግን እነዚህኑ ሁለት ወንድማማቾች በመንፈሳዊ ቅናት ነድደው ወደ አምላካቸው የወጡ አድርጎ ያመሰግናቸዋል። በአንድ ታሪክ ላይ አንዱ መቅሠፍት፣ አንዱ ዕርገት ያያል። እኔ ወደ ረቢዎቹ አደላለሁ፤ የፊሎ ንባብ መልካም ቢሆንም የአባታቸውን የአሮንን ዝምታ የሚያስረሳ ይመስለኛል። ረቢዎቹ ከዚህ ሥርዓት አወጡ። አንድ ከግማሽ እንቁላል በሚይዝ መጠን እንኳ ወይን የጠጣ መምህር ፍርድ አይስጥ አሉ። እንግዲህ የሰከረ ማለት የሚንገዳገድ ብቻ አይደለም።

አሁን ወደ ሎጥ እንምጣ። ሰዶም ከተቃጠለች በኋላ ሎጥ ከሁለት ሴቶች ልጆቹ ጋር በዋሻ ተቀመጠ። ልጆቹም በሁለት ሌሊት ወይን አጠጥተውት ከእርሱ ፀነሱ። መጽሐፍ ስትተኛም ስትነሣም አላወቀም ብሎ ሁለት ጊዜ ይመሰክርለታል። ቅዱስ ጴጥሮስም በሁለተኛ መልእክቱ ሎጥን ጻድቅ ይለዋል። የኖኅ መስከር ራሱን ብቻ አዋረደ፤ የሎጥ ግን ሌላ ነው። ታዲያ ምን ይፈረድበት?

ኩፋሌ በዚህ ላይ እጅግ ጨካኝ ነው። ከአዳም ዘመን ጀምሮ እስከዚያ ቀን በምድር ላይ ያልተደረገ ኃጢአት ሎጥና ልጆቹ አደረጉ ይላል። ወይኑን ግን ጨርሶ አያነሣም! ለኖኅ ብዙ ማቃለያ ያቀረበ መጽሐፍ ለሎጥ የነበረችውን አንዲት ማቃለያ ወሰደበት። ዮሴፉስ የተባለው የ1ኛው መቶ ዓመት ታሪክ ጸሐፊ በተቃራኒው ለልጆቹ ይራራል፤ የሰው ዘር ሁሉ ያለቀ መስሏቸው ዘር እንዳይጠፋ ያደረጉት ነው ይላል። ረቢዎቹም በዚህ ይስማማሉ፤ በኖኅ ዘመን እንደ ሆነው ዓለም ሁሉ የጠፋ መሰላቸው ይላሉ። እንዲያውም አንድ መንገድ ሆኖ ሳለ ልጆቹ ለበጎ አስበው ሄዱበት፣ አባታቸው ግን ተሰናከለበት የሚል ቃል በታልሙድ አለ።

አባትዬው ለምን ተሰናከለ? ምንም አላወቀ! እዚህ ላይ የረቢዎቹ ዐይን ያየችውን እዩ። በዕብራይስጡ ኦሪት ጥቅልል የታላቂቱ ልጅ መነሣት በተነገረበት ቃል ላይ፣ ዋው በምትባለው ፊደል ራስ፣ ጸሐፍት አንዲት ነጥብ ያኖራሉ። ነጥቧ ለምን ተቀመጠች? እነርሱ ሲመልሱ፣ ስትተኛ አላወቀም፣ ስትነሣ ግን አውቋል ይላሉ። ይህን ሲሰማ አንዱ ይቃወማል፤ ታዲያ ምን ማድረግ ይችል ነበር? የሆነው ሆኗል! ሌላው ይመልስለታል፤ በማግሥቱ ማታ ወይን አለመጠጣት ይችል ነበር።

ይህን ባነበብሁ ጊዜ መጽሐፉን ዘግቼ ብዙ ተቀመጥሁ። የሽማግሌዎቹ ጉባኤና የሴትዮዋ ጥያቄ ትዝ አለኝ። እርስዋ ስለ መጀመሪያይቱ ሌሊት አልጠየቀችም። የጠየቀችው ስለ ማግሥቱ ማታ ነበር፤ ባልዋ ገና ጤነኛ ሳለ፣ እግሩ ቀጥ ብሎ ሳለ፣ በየትኛው መንገድ እንደሚያልፍ። እኛ ከነገሩ ወጣች ስንል በነገሩ መካከል የቆመችው እርስዋ ብቻ ነበረች።

ይህን ከሕጋቸው ጋር አያይዤ ባየሁት ጊዜ ይበልጥ ገባኝ። በታልሙድ እንደ ተጻፈው የሰከረ ሰው ቢሸጥ ሽያጩ ሽያጭ ነው፣ ቢገዛም ግዢው ግዢ ነው፤ ቢገድል ይፈረድበታል፤ መገረፍ የሚያስገባ ቢሠራ ይገረፋል። በነገር ሁሉ እንደ ጤነኛ ነው፤ የሚቀርለት ጸሎት ብቻ ነው። ረቢ ሐኒና ግን አንድ ልዩነት አደረገ። ይህ ሁሉ ወደ ሎጥ ስካር ላልደረሰ ነው፣ ወደ ሎጥ ስካር የደረሰ ግን ከሁሉ ነጻ ነው አለ። አያችሁ፣ «የሎጥ ስካር» የሕግ መለኪያ ሆነ። እንግዲህ ምንም ሳያውቅ ያደረገ ሰው መኖሩን አልካዱም፤ ለዚያም ሰው ርኅራኄ አላቸው። ይሁን እንጂ የመለኪያው ባለቤት ሎጥ ራሱ ከወቀሳ አልዳነም። እኔ ሁለቱን ቃላት አብሬ ሳነብ የሚታየኝ ይህ ነው፤ ፍርዱ ከዋሻው ሌሊት ወጥቶ ከሌሊቱ በፊት ወዳለው ምሽት ሄደ። ሰውዬው አእምሮው በእጁ ሳለ ጽዋውን ያነሣባት ያች ደቂቃ ትጠየቃለች። «አላስታውስም» የሚለው መሐላ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ግን የሚመልሰው ያልተጠየቀውን ነው።

ነገር ግን እነዚህ መምህራን ወይንን የሚጠሉ አድርጋችሁ እንዳትወስዷቸው። የዮሴፍ ወንድሞች በግብፅ በዮሴፍ ማዕድ ጠጥተው ሰከሩ የሚለውን ሲተረጕሙ፣ ዮሴፍ ከተሸጠበት ቀን ጀምሮ እርሱም እነርሱም ወይን አልቀመሱም ነበር፣ የጠጡት በዚያ ቀን ብቻ ነው ይላሉ። ብዙ ዘመን ወይን የተለየው የኀዘን ቤት! ይህን ትርጓሜ ያወጣ ሰው የቤተ ሰብን ሐዘን የሚያውቅ መሆን አለበት። ናዝራዊ ከወይን ተለይቶ ስእለቱን ሲፈጽም የኃጢአት መሥዋዕት የሚያቀርበው ለምንድር ነው ተብሎ ሲጠየቅም፣ ረቢ ኤልዓዛር ሃቃፓር ራሱን ከወይን ስላስጨነቀ ነው ብሎ መልሷል። ሌላው መምህር ደግሞ የለም፣ መጽሐፍ ቅዱስ ብሎ ጠርቶታል ብሎ ተከራከረ። እኛም ከአንድ በኩል መጥምቁ ዮሐንስ፣ ከሌላው በኩል ቃና ዘገሊላ ስላሉን ክርክሩ አያስደንቀን።

የሚያስደንቀው የፉሪም በዓል ነገር ነው። በመጽሐፈ አስቴር እንደምናነበው አይሁድ ከሐማ ክፋት የዳኑበት በዓል ነው። በባቢሎን የነበረ ራባ የተባለ መምህር ሰው በፉሪም ቀን ሐማ ርጉም ነው በማለትና መርዶክዮስ ቡሩክ ነው በማለት መካከል መለየት እስኪያቅተው ድረስ ሊጠጣ ይገባዋል አለ። እስካሁን ከተናገርሁት ሁሉ ጋር የሚጋጭ ነውና ደብቄ ላልፈው አልፈለግሁም። ታልሙድ ግን ከዚህ ቃል አጠገብ አንድ ታሪክ አስቀመጠ። ስሙ ከዚህኛው የሚቀራረብ ራባህ የተባለ ሌላ መምህርና ረቢ ዜራ የፉሪምን ማዕድ አብረው በሉ፤ ሰከሩ። ራባህ ተነሥቶ ረቢ ዜራን አረደው። በማግሥቱ ሲነቃ ምሕረት ለመነ፤ ረቢ ዜራም ሕይወቱ ተመለሰለት። በሚመጣው ዓመት ራባህ ና፣ ዘንድሮም በዓሉን አብረን እናክብር ብሎ ጠራው። ረቢ ዜራም ተአምር በየሰዓቱ አይደረግም ብሎ ቀረ። ታሪኩ ሆነ አልሆነ አልከራከርም። እንደገና ግን ሁለተኛውን ዓመት ተመልከቱ፤ አንዱ የሎጥን ሁለተኛ ምሽት ደገመ፣ ሌላው ከበሩ ተመለሰ።

አንድ ነገር ሳልናገር እንዳልተው። እስካሁን ያየነው የሰከሩ ሰዎችን ፍርድ ነው፤ ሰከሩ የተባሉ ግን ያልሰከሩም አሉ። ሐና በሴሎ መቅደስ ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ ድምፅዋ ሳይሰማ ስትጸልይ ካህኑ ዔሊ የሰከረች መሰለውና ገሠጻት። ረቢዎቹ ከሐና ጸሎት ብዙ ሥርዓት ተማሩ። የሰከረ እንዳይጸልይ ከዔሊ ተግሣጽ ተማሩ። በሐሰት የተጠረጠረ ሰው ዝም ሳይል ራሱን እንዲያነጻ ከሐና መልስ ተማሩ። እንዲያውም ጌታዬ ሆይ፣ አይደለም ያለችውን፣ በዚህ ነገር ጌታ አይደለህም፣ እንዲህ ከጠረጠርኸኝ መንፈስ ቅዱስ በአንተ ላይ የለም ማለቷ ነው ብለው ይተረጕሙታል። ከታላቅ ካህን ፊት የቆመች አንዲት ያዘነች ሴት! በበዓለ ኀምሳም ሐዋርያት በልዩ ልዩ ቋንቋ ሲናገሩ ጉሽ ጠጅ ጠግበዋል ያሉ ነበሩ፤ ቅዱስ ጴጥሮስም ገና ከቀኑ ሦስት ሰዓት ነው ብሎ መለሰላቸው። እኛስ በየደጃፋችን የሚንገዳገደውን ሁሉ ሰክሯል ብለን ስንስቅ ስንቱ ታሞ ነበር፣ ስንቱ ተርቦ ነበር?

ስለ ዔሊ ደግሞ አንድ ነገር አሉ። ሰውን በሌለበት ነገር የጠረጠረ ይቅርታ ሊጠይቀው ይገባል፤ ይህም አይበቃም፣ ሊመርቀውም ይገባል። ዔሊ ስሕተቱን ባወቀ ጊዜ በሰላም ሂጂ፣ የለመንሽውን ይስጥሽ ብሎ መረቃት። ሐናም ሄዳ በላች፤ ፊቷም ከዚያ ወዲያ ያዘነ መስሎ አልታየም። ሳሙኤል የተወለደው ከዚያ ምርቃት በኋላ ነው።